ብስክሌት የማይሰረቅበት ሰፈር

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

ዛሬ ወሬው ደረሰኝ። ያመጣችው አኔግሬት ናት። ከእኔ በታች ካለው ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ በእሷ ሳያልፍ እኔ ዘንድ የሚደርስ ወሬ የለም። ጋዜጣ ይዛ ሳታንኳኳ ገባች።

«ሮስቪታ፣ ፖሊሳችን ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» አለች።

እውነትም ፓፈን ነው፣ የሰፈራችን ፖሊስ። የብስክሌት ብረት ላይ ቁጥር የሚቀርጽበትን መሣሪያ እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። ከሥሩ «የፖሊስ ዓመታዊ የወንጀል አኃዝ ወጣ» ይላል። የኪስ ስርቆት እንዲህ ሆነ፣ ቤት ሰብሮ መግባት እንዲያ ሆነ፣ በካርኒቫል ሰሞን ድብድብ ጨመረ። ከዚያ ደመቅ ባለ ጽሑፍ፣ በከተማው ሁሉ የብስክሌት ስርቆት አብልጦ የቀነሰው በእኛ ሰፈር ነው፣ ከሲሶ በላይ ይላል።

«ከሲሶ በላይ» አለች አኔግሬት። «የእኔ አረንጓዴ ብስክሌት ግን የገባበት አልታወቀም። እሱን ማን ይቁጠርልኝ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቀነሰው?» አልኳት።

መነጽሯን አስተካክላ ፈለገች። «ካለፈው ማርች። በቢላ እንደተቆረጠ ነው ይላል።»

ድንቹ አረረ።

ልጄ ጌሪት ያረፈው ባለፈው ዓመት በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። ይህን ደብተር የሰጠኝ ሐኪሙ ነው፣ ሲከብድዎ ይጻፉ ብሎ። ዛሬ ከብዶኛል፣ ምን እንደምጽፍ ግን አላውቅም። ድስቱን ስፈገፍግ አመሸሁ።


ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ምድር ቤት ወረድኩ። የእኛ ክፍል በር እንደተቆለፈ ነው። ጃም ላመጣ ነበር፣ ሳላመጣ ተመለስኩ። ውስጥ ያለውን አልቆጠርኩም። ጌሪት ብስክሌት ይወድ ነበር። ቴምብር የሚሰበስብም ሰው አለ።


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

ዛሬ የሴቶቹ ሐሙስ ነው። እዚህ ኮሎኝ ውስጥ በዚህ ቀን ሴት ሁሉ መቀስ ይዛ ትወጣና ያገኘችውን ወንድ ከረባት ትቆርጣለች። እሱም በሳቅ ይተዋታል። ጾም ከመግባቱ በፊት ሰው ሁሉ ሌላ ነገር መስሎ ለብሶ የሚጨፍርበት ካርኒቫል በዚህ ይጀመራል።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ሐሙስ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ፓፈን ነው። ከረባቱ ደረቱ ላይ ተቆርጦ ጣት የምታህል ቁራጭ ብቻ አንገቱ ላይ ቀርታለች። ጣቢያው ውስጥ ያሉት ሴቶች ናቸው የቆረጡት። «ወይዘሮ ኪርፈል፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለኝ። እኔ ቁራጯን እያየሁ ሳቅሁ። መርዶ ነጋሪ ፊት የሳቀች እናት ከእኔ ሌላ መኖሯን አላውቅም። እስክጨርስ ጠብቆ ነገረኝ። ጌሪት ድልድዩን በብስክሌት ሲወጣ ደክሞት ወረደ፣ ብስክሌቱን ከአጥሩ ጋር ቆለፈ፣ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ልቡ ቆመ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ቆልፎታል። በዚያ ሰዓት እንኳ ቆለፈው። «እማ፣ ይኼ ከተማ ሌባ ብቻ ነው» ይለኝ ነበር ሁልጊዜ።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ፓፈን ያንን ብስክሌት ራሱ እየገፋ አመጣልኝ፤ አስፈርሞኝ ሄደ። ሰማያዊ ነው። ምድር ቤት አላወረድኩትም፣ ኮሪደሬ ውስጥ አቆምኩት። አኔግሬት ዝናብ ሲሆን ዣንጥላዋን መሪው ላይ ትሰቅላለች። አንድ ቀን ጫማዋን ልታስር ኮርቻው ላይ ቁጭ ብላ «ይኼ ነገር ለእኔ መቀመጫ ተለክቶ የተሠራ ይመስላል» አለች። ብረቱ ላይ አንድ ቦታ ቀለሙ ተፍቋል። እዚያ ላይ ጨርቅ አስሬበታለሁ፣ ብርድ እንዳይገባው።

የካርኒቫል ሐሙስ በየዓመቱ ቀኑን ይቀያይራል። ስለዚህ ልጄ ሁለት ሙት ዓመት አለው፣ አንዱ የመቀሱ ሐሙስ፣ አንዱ ፌብሩዋሪ 27። አንዱ አይበቃኝም ነበር?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፓፈን መጣ። ሻርፑን እስከ አገጩ ጠምጥሟል። «ቤቱ ይሞቃል፣ አያወልቁትም?» አልኩት። «ጉሮሮዬን አሞኛል» አለ። ከሥሩ ምን እንዳለ አውቃለሁ። እንዳላየው ብሎ ነው። ከአንገቱ ላብ እየወረደ ኬኩን በላ።

«ረቡዕ 25 ዋናው መምሪያ ተጠርቻለሁ» አለኝ። «ስርቆቱን እንዴት እንደቀነስኩት ልናገር ነው። ከሌላ ከተማም የሚመጡ አሉ።»

«እንዴት ቀነሱት?»

«በቅዳሜዎቹ ነዋ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ በየሰዉ ብስክሌት ላይ ቁጥር ይቀርጻል። እኔ ኬክ እጋግራለሁ።

«ያለ እርስዎ ኬክ ማን ይመጣ ነበር? መድረኩ ላይ አመሰግናለሁ፣ የኪርፈልን ቤተሰብ ብዬ።»

«ቤተሰብ አይበሉ። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ጌሪትም እኮ ብስክሌት ወዳድ ነበር» አለ።

አፉ እንዲያዝ ሌላ ቁራጭ ቆረስኩለት።


ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 14

ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። የሙት ዓመቱ ቅዳሴ እሑድ ማርች 1 ነው። ስሙ ከመንበሩ ይጠራል፣ ሕዝቡም ለነፍሱ ይጸልያል። በቀብሩ ጊዜ ከተማው ገና ከካርኒቫሉ ስካር አልነቃም ነበር። ሬሳውን የሸኘነው ሰዎች አንድ ታክሲ አንሞላም። ያኔ ያልመጡት ዘንድሮ ይምጡልኝ። ስሙ ሲጠራ ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ይሁን። ሌላ የምፈልገው የለኝም።

አባ ጆሞን በሩን የከፈቱልኝ ዝሆን ሆነው ነው። የመጡት ከኬረላ ነው፣ ከህንድ። «በካርኒቫል የአገርዎን ነገር ይልበሱ ብለው አስቸገሩኝ፣ እናቴ» አሉ። ኩምቢው ትከሻቸው ላይ ተጋድሟል።

«አባ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። የእኔ አይደለም። እንዲያው በጠቅላላው።»

«በጠቅላላው ይጠይቁኝ።»

«ሰው ሞቶ የሌላ ሰው ዕቃ ከእጁ ቢገኝ፣ ባለቤቶቹም ቢያውቁ፣ ይጸልዩለታል?»

«ብዙ ዕቃ ነው?»

«አልቆጠርኩም» አልኩ። ከዚያ «በጠቅላላው» ብዬ ጨመርኩበት።

ኩምቢያቸውን ወደ ጎን አድርገው አሰቡ። «ይጸልዩ አይጸልዩ የእነሱ ፈንታ ነው። ዕቃው ግን ከቅዳሴው በፊት ወደ ባለቤቱ ቢመለስ ለሟቹ ይቀለዋል። አስቀምጦ ለሚጠብቀውም ሰው።»

«እኔ የማስቀምጠው ጃም ነው።»

«አውቃለሁ። በጠቅላላው ነው የምለው።»


ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 16

ትልቁ ሰልፍ ዛሬ ነው። ቤቱ ባዶ ነው። አኔግሬት ንብ ሆና ወጥታለች።

ወርጃለሁ።

ማምሻውን። አሁን ተመልሼ ነው የምጽፈው። ቀይ የቀልደኛ አፍንጫ አደረግኩ፣ ዛሬ ያላጌጠ ሰው ነው የሚያስጠረጥረው። ሦስት ብስክሌት ከምድር ቤት አውጥቼ ትራም ማቆሚያው ላይ አቆምኩ። የእነዚያን ባለቤቶች በመልክ አውቃቸዋለሁ፣ በዚያ ያልፋሉ። ሦስተኛውን ደረጃ ላይ እየጎተትኩ ሳለ ከላይ ፖሊስ መጣ። ዩኒፎርም፣ ቆብ፣ ሽጉጥ። 

«እናት፣ ምን ሆነሽ ነው የወጣሽው?» አለኝ።

 አፍንጫዬን አየ፣ ብስክሌቱን አየ።

«ገባኝ» አለ። «የብስክሌት ሌባ ሆነሽ ነው። በስመ አብ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ካርኒቫል ስወጣ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ብስክሌቱን ከእጄ ወስዶ ትከሻው ላይ አድርጎ አወጣልኝ። ደጅ ላይ በብርሃን ሳየው ጫማው የኳስ ጫማ ነው፣ ሽጉጡም ውኃ የሚረጭ። ቢራ ቢራ ይሸታል። ከረሜላ ሰጠኝና «በይ ሩጪ፣ እንዳልይዝሽ» አለኝ። ሮጥኩ። በስድሳ አራት ዓመቴ ብስክሌት እየገፋሁ ሮጥኩ።

ብስክሌቶቹን አልቆለፍኳቸውም። ብቆልፋቸው ባለቤቶቹ በምን ይከፍቷቸዋል?


ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 18

የአመድ ረቡዕ። ጾሙ ገባ። ፓፈን ግንባሩ ላይ አመድ ተቀብቶ ለምሳ መጣ። ዓሣና ድንች ሠርቼ ነበር። ሹካውን ሳያነሣ ቁጭ አለ።

«እያሻቀበ ነው» አለኝ። «ገና ፌብሩዋሪ ሳያልቅ አኃዙ እያሻቀበብኝ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ከአራት ዓመት በፊት የተሰረቀ ብስክሌቷን ትራም ማቆሚያው ላይ አየችው። ቁልፍ ልታመጣ ቤቷ ሮጠች። ስትመለስ የለም። አሁን ሁለት ጊዜ ተሰርቄያለሁ፣ ሁለት ጊዜ መዝግብልኝ ብላ ቢሮዬን ይዛለች። ሌሎች ሁለት ሰዎችም እንደዚሁ።»

«ሦስቱም ተሰረቁ?»

«ሦስት መሆናቸውን እንዴት አወቁ?»

«አንድና ሁለት ሦስት ነው» አልኩት። ከዚያ ተናደድኩ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? የሰው ንብረት እንዲህ ይነካል?» ከልቤ ነበር ያልኩት። 

«እንዴት ነው ግን የምትቆጥሩት?» አልኩት በኋላ፣ ነገር ለመለወጥ።

ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ ደስ ይለዋል። ሳህኑን ወደ መሐል ሳበ። «ድንቹ ስርቆቱ ነው እንበል። እያንዳንዱ ድንች ይቆጠራል። ሁለት ጊዜ የተሰረቀ ብስክሌት ሁለት ድንች ነው። ሌባው ደግሞ ዓሣው ነው። ሠላሳ ድንች ቢበላም በፖሊስ የዓመቱ አኃዝ መጽሐፍ የሚገባው አንድ ዓሣ ሆኖ ነው። ሰው ሁለት ጊዜ አይቆጠርም።»

«ዓሣው የሞተ ቢሆንስ?»

ሳህኑን ትክ ብሎ አየው። «ቢሞትም ይቆጠራል። ማን እንደሆነ ከታወቀ ጉዳዩ ተፈታ ይባላል። የሚጻፈውም በሰረቀበት ዓመት ሳይሆን መዝገቡ ተዘግቶ ለዐቃቤ ሕግ በተላለፈበት ዓመት ነው። ለምን ጠየቁኝ?»

«ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል።»

ዓሣውን በላው። እኔ አልበላሁም።


ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 20

ስሙ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተለጥፏል። ጌሪት ኪርፈል። ቆሜ አነበብኩት።

አኔግሬት እንዲህ አለችኝ፣ «እመጣለሁ እንጂ። ለጌሪት ሳልመጣ? ብስክሌቴ የጠፋ ጊዜ እሑድን ሙሉ አብሮኝ ፈልጓል። እኔ በእግሬ፣ እሱ በብስክሌቱ። ድልድዩ ሥር ሳይቀር ዞረናል። እንደሱ ያለ ልጅ አሁን የት ይገኛል?»

«የትም» አልኳት።

ሰማያዊው ብስክሌት ላይ ያሰርኩት ጨርቅ ላልቶ ነበር። አጠበቅኩት።


እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 22

ፓፈን ንግግሩን ሊለማመድ መጣ። ሰሚዎቹ እኔና አኔግሬት ነን። ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሞ ወረቀቱን ዘረጋ።

«የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦች፣ በሰፈራችን የብስክሌት ስርቆት የቀነሰው ሕዝብና ፖሊስ እጅ ለእጅ ስለተያያዙ ነው...»

«ከእኔ ጋር አልተያያዝክም» አለች አኔግሬት። «የእኔ አረንጓዴ ብስክሌት የት አለ?»

«እሱ ላይ እደርሳለሁ።»

«ደግሞ ማርች ማርች ትላለህ። ያ መሣሪያህ የመጣው በፋሲካ ነው፣ አፕሪል። እንቁላል ቀቅዬ ያመጣሁልህ እኔ ነኝ። ማርች ላይ ምን ይዘህ ነበር?»

ፓፈን ወረቀቱን አገላበጠ። መልሱ ወረቀቱ ላይ የለም። አኔግሬት ምድጃ ላይ የተወችው ነገር ትዝ አላትና ወረደች። እሱ ቁጭ አለ።

«ልክ ናት» አለኝ። «ማርችን ሙሉ ወገቤን አሞኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር። ምንም አላደረግኩም። ስተኛ ቀነሰ። አለቆቼ ያጨበጭባሉ፣ እኔ ግን አላውቀውም። ወይዘሮ ኪርፈል፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ፖሊስ ስሆን ሰው ፊት ቆሜ ዋሽቼ አላውቅም። ደግሞ የእናንተን ስም እየጠራሁ።»

ሻርፕ አላደረገም። አንገቱ ቀይ ሆኗል። ከእኔ ጋር ስንት ጊዜ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔን ሊያይ እንጂ ኬኩን ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ኬኬ ደረቅ ነው።

ቁልፉን ከመሳቢያው አወጣሁ።

«ጃም ያምጡልኝ» አልኩት። «የእኛ ክፍል መጨረሻው በር ነው።»

ቆየ። ድንች ልጬ ጨረስኩ፣ ሌላ ጀመርኩ፤ ለማን እንደምልጥ አላውቅም። ሲመለስ ጉልበቱ አቧራ ነው። ጃም አልያዘም።

«ቆጠሯቸው?» አልኩት።

«ልማድ ሆኖብኝ።»

«አይንገሩኝ።»

አልነገረኝም። ውኃ ጠጣ። ቆይቶ «ሁሉም ሰንሰለታቸው ዘይት ተቀብቷል» አለ።

«ዝገት አይወድም ነበር።»

ኮሪደሩ ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ብስክሌት አየ። ተነሥቶ ሄዶ ጨርቁን ፈታው። ከሰማያዊው ቀለም ሥር አረንጓዴ። ከታች አኔግሬት ድስት ስታጋጭ ይሰማል።

«ይኼን ያመጣሁልዎ እኔ ነኝ» አለ በሹክሹክታ።

«በፊርማ።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፣ አልሳቀም።

«አቶ ፓፈን፣ ቅዳሴው እሑድ ነው። ከእሑድ በኋላ ቢሆንስ? ሰዎቹ ካወቁ አንድም አይመጣልኝም። ስሙ ለግድግዳ ይጠራል።»

«ንግግሩ ረቡዕ ነው» አለ። ከዚያ «እቀራለሁ። ወገቤን አሞኛል እላለሁ» አለ።

ፖሊሱ ለእኔ ሲል ሊዋሽ ነው። እናቱ በሕይወት አለች፣ አንድ ቅዳሜ ይዟት መጥቶ አይቻታለሁ፣ ስለ እሱ ስትናገር ቀና ብላ ነው።

«ይሂዱ፣ ይናገሩ» አልኩት።


ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 25

ፓፈን ስልክ ደወለ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው።

«ነገርኳቸው። መሣሪያዬ አይደለም፣ የሚሰርቀው ሰው ስላረፈ ነው አልኩ። ስሙን አልጠራሁም።»

«ተቆጡዎት?»

«ይበልጥ አጨበጨቡ። ይህን ያህል የብስክሌት ስርቆት በአንድ ጊዜ የፈታ ሰፈር በአገሩ የለም አሉ። የብስክሌት ሌባ እኮ አይያዝም፣ ወይዘሮ ኪርፈል። አሁን ደግሞ እንዴት እንደፈታኸው ሌላ ንግግር አድርግ ተብያለሁ። ምን ልበል? ጃም ላመጣ ወርጄ ነው?»

ሳቅሁ። እንደዚያን ዕለት ሳቅሁ። እሱም እስክጨርስ ጠበቀኝ።

የፖሊስ መጋዘን ሞልቷል። ብስክሌቶቹን እዚሁ ፎቶ አንሥተው ጨርሰዋል። ባለቤቶቹ ቅዳሜ ከእኛ ምድር ቤት እንዲወስዱ ተነግሯቸዋል።


ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 27

ሁለተኛው ሙት ዓመት።

አኔግሬት ጋዜጣ ይዛ አልመጣችም። ትናንትም አልመጣችም። ደረጃው ላይ ስንገናኝ የደብዳቤ ሣጥኗን ከፍታ ውስጡን ስታይ ቆየች። ባዶ ነበር።

የምድር ቤቱ በር ከባድ ነው። ብስክሌት የያዘ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። ለጌሪት እይዝለት ነበር። በር መያዝ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ደግሜ ደግሜ የማስበው ግን ይኼንኑ በር ነው።


ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 28

ኬክ ጋገርኩ። ሰልፉ ከምድር ቤት እስከ መንገድ ደረሰ። ፓፈን ቁጥር ይጠራል፣ እኔ ከበሩ አጠገብ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። ደግሞ በሩን ይዤ።

አንድ ሽማግሌ ብስክሌቱን አገላብጦ አይቶ «ይኼ የእኔ አይደለም፣ የእኔ ፍሬኑ አይሠራም ነበር» አለ። ፓፈን «ቁጥሩ የእርስዎ ነው» አለው። ሽማግሌው ፍሬኑን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ያዘ። «ጠግኖታል» አለ። ሁለት ኬክ ወሰደ።

የካርኒቫሉ ፖሊስም ተራ ይዞ ነበር። ያለ ቆብ አላወቅኩትም፣ እሱ አወቀኝ። «እናት፣ ለካስ የምርሽን ነበር» አለኝ። ፓፈን ቀና አለ። «ስለ ምንድነው የሚያወራው?» «ስለ ካርኒቫል ነው» አልኩት።

የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ባዶ እጇን ቆማ «የእኔስ?» አለች። የሚመለስላት የለም። ይኼኛው የእኔ ጥፋት ነው፣ የጌሪት አይደለም። ቀሪውን ኬክ ሙሉውን ሰጠኋት። አየችኝ፣ ኬኩን አየች፣ ወሰደችው።

ለሁሉም «ነገ ጠዋት ቅዳሴ አለ» እያልኩ ነበር። አንዱ ጎልማሳ ቆም አለ። «ለእሱ?» አለኝ።

«ለእሱ።»

«በእግሬ እየሄድኩ እየዘገየሁ ሥራዬን አጥቻለሁ እኮ። ልጅሽ ይኼን ያውቅ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩት።  ኬኩን ሳይነካ ሄደ። እውነቱን ነው።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሰማያዊውን ብስክሌት ከኮሪደሬ አውርጄ የአኔግሬትን በር አንኳኳሁ። ከፈተች። ብስክሌቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ዣንጥላዬን እሰቅልበት ነበር» አለች።

«አዎ።»

«እሑድን ሙሉ አብሮኝ ፈለገ።»

«አዎ።»

«እኔ በእግሬ...» አለችና አቆመች። ዓይኗ ብስክሌቱ ላይ ነው። «እሱ በብስክሌት።»

 አፏ ዳር ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

«ሰማያዊ አልወድም» አለች። ብስክሌቱን ወደ ውስጥ ስባ በሩን ዘጋችው።


እሑድ፣ ማርች 1

ቀድሜ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነበር። ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፣ ወደ ኋላ ላለመዞር ብዬ። አባ ጆሞን በጾሙ ሐምራዊ ልብስ ወጡ፣ ያለ ኩምቢ። አዩኝ፣ ከኋላዬ ያሉትን ባዶ ወንበሮች አዩ፣ መጽሐፋቸውን ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ወሰዱ።

ከዚያ ከደጅ ድምፅ ሰማሁ። ሰንሰለት ከብረት ጋር ሲጋጭ። ቁልፍ ሲዘጋ። ደግሞ ሌላ። የብስክሌት ድምፅ የሞላበት ቤት ውስጥ ስለኖርኩ አይጠፋኝም። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ሽማግሌው ገባ። የካርኒቫሉ ፖሊስ ገባ። የማላውቃቸውም ገቡ። ፓፈን እናቱን ይዞ መጣ፣ ከረባቱ ሙሉ ነው። ያ ሥራውን ያጣው ሰው ከሁሉም ኋላ በሩ አጠገብ ቆመ፣ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ አልልም። አንድ ታክሲ ግን አይበቃንም ነበር።

ስሙ ተጠራ። ጌሪት ኪርፈል። ጸጥ አለ። መልሱ እስኪመጣ የቆየው ጸጥታ ለእኔ ከጾሙ ሁሉ ረዘመብኝ። ከዚያ ከጀርባዬ አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ጮክ ብላ፣ እንደተቆጣ ሰው «ጌታ ሆይ፣ ስማን» አለች። አኔግሬት ናት። ሌሎቹም ተከተሏት።

ስንወጣ አጥሩ ሙሉ ብስክሌት ነው። እያንዳንዱ በሁለት በሁለት ቁልፍ ተቆልፏል። ለጌሪት ክብር ነው ብዬ ወሰድኩት። ከመሐላቸው ሰማያዊው አለ። መሪው ላይ ዣንጥላ ተሰቅሏል፣ ዝናብ ሳይኖር።

አኔግሬት እየፈታችው ሳለ አጠገቧ ቆምኩ። አላየችኝም። «ነገ ጋዜጣ ይዤ እመጣለሁ» አለች ለቁልፉ። «ድንች እንዳታሳርሪ።»

ፓፈን እስከ ቤቴ ሸኘኝ። መዝገቡ ዘንድሮ ስለሚዘጋ ጌሪት የሚገባው በሚቀጥለው ዓመት በሚወጣው መጽሐፍ ነው አለኝ። ድንቾቹ ብዙ ናቸው።

«ዓሣውስ?» አልኩት።

«አንድ ነው» አለ።

አንድ። ያን ሁሉ ሲቆጥሩ፣ መጨረሻው ላይ እሱ የሚጻፈው አንድ ተብሎ ነው። እኔም የነበረኝ አንድ ነው። በዚህ እኔና ፖሊስ ተስማማን።

ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ የምታገኙ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ ብስክሌታችሁን ካቆማችሁበት ቦታ ካገኛችሁት፣ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ አባታችን ሆይ ለልጄ ለጌሪት በሉለት። ካጣችሁትም በሉለት። እሱ አይደለም የወሰደው።